ሁለት የስም ዝርዝር፣ ሁለት መቶ ደቂቃ

ቤታችሁ ውስጥ አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ካለ፣ ሰሞኑን ማዕድ ላይ ምን እንደምትሰሙ አውቃለሁ። ሚቺች፣ ብራያንት፣ ዎከር፣ ብሪሴት... አባቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ ዘር እንደሚቆጥሩት፣ የሐደራ ልጆችም የሁለቱን የቴል አቪቭ ቡድኖች ስም አንድ ሳይዘልሉ ይቆጥሩታል። ከተማችን ይበልጥ የምትታወቀው በእግር ኳስ ነው፤ ሃፖኤል ሐደራ በ2018 ወደ ከፍተኛው ሊግ ሲወጣ ታስታውሳላችሁ። በቅርጫት ኳስ ግን፣ ልጆቹ ካዱርሳል በሚሉት፣ ልባቸው ያለው ቴል አቪቭ ነው። ግማሹ ቢጫ ማካቢ፣ ግማሹ ቀይ ሃፖኤል። ወላጅ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ምንም ሳይገባው እንዳያመሽ፣ የ2025–26 ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው።

መጀመሪያ ጭቅጭቁ ዘንድሮ ለምን እንደባሰ ልንገራችሁ። ማካቢ የአውሮፓን ዋንጫ ስድስት ጊዜ የወሰደ ነው፤ በ1977፣ በ1981፣ በ2001፣ በ2004፣ በ2005 እና በ2014። የሃፖኤል ደጋፊ ይህ ሲነሳ አንገቱን ይደፋ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ግን ሃፖኤል ግራን ካናሪያን በሁለት ጨዋታ አሸንፎ ዩሮካፕን ወሰደና የዩሮሊግ መግቢያ አገኘ። ዩሮሊግም ከ18 ቡድን ወደ 20 አደገ። ስለዚህ ሁለቱ ባላንጣዎች ዘንድሮ የሚገናኙት ሀገር ቤት ብቻ አይደለም።

ሃፖኤል ገንዘቡን አውጥቶ ገበያ ወርዷል። ቫሲሊዬ ሚቺች ሰርብያዊ ነው። በ2021 የዩሮሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል፤ ከአናዶሉ ኤፌስ ጋር በ2021 እና በ2022 ዋንጫ ወስዷል፤ ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ተመለሰ። በ2025 ዕድሜው 31 ነበር። ኤላይጃ ብራያንት በ2021 ከሚልዋኪ ጋር የኤንቢኤ፣ በ2022 ከኤፌስ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ዳን ኦቱሩ 2 ሜትር ከ8 ነው። ብሌክኒና ክሪስ ጆንስም አሉ። የሚመራቸው ግሪካዊው ዲሚትሪስ ኢቱዲስ ሲኤስካ ሞስኮን ይዞ በ2016 እና በ2019 ዩሮሊግን የበላ አሠልጣኝ ነው። ከሀገሩ ልጆች ደግሞ ያም ማዳር አለ፤ እዚያው ሃፖኤል ያደገ፣ በ2020 ቦስተን የመረጠው፣ ቤልግሬድና ኢስታንቡል ዞሮ ቤቱ የገባ። ቶሜር ጊናትና ባር ቲሞርም አሉ።

ማካቢ ለጋ ነው፤ ትንሽም ቸኩሏል እላለሁ። ኳስ አከፋፋዩን ሊትዌኒያዊውን ዮኩባይቲስን ባየርን ሙኒክ ወሰደበት። በምትኩ ሎኒ ዎከር፣ ጂሚ ክላርክና ጄፍ ዳውቲን መጡ። ኦሼ ብሪሴት በ2024 ቦስተን ሻምፒዮን ሲሆን ከቡድኑ ጋር ነበር። እነዚህ ሁሉ ለቡድኑ አዲስ ናቸው። ማካቢን የሚያቆመው የቆየው እንጨት ነው፦ ከ2017 ጀምሮ እዚያው ያለው ዲባርቶሎሜዮ፣ ረጅሙ ሮማን ሶርኪን፣ ታሚር ብላትና ጄለን ሆርድ። አሠልጣኙ ኦዴድ ካታሽም ከ2022 ጀምሮ አልተነሳም።

ልጆቹን የሚያናድዳቸው አንድ ነገር አለ። ብራያንትና ክሪስ ጆንስ ቀድሞ የማካቢ ነበሩ፤ ሆርድ ደግሞ የሃፖኤል። ተሻግረው ተቀያየሩ። «ከዳተኛ» ይሏቸዋል። እኔ ደመወዝ ነው እላለሁ፤ አይሰሙኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ፤ መምህር ነኝና ይቺን ፍቀዱልኝ። ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ አምስት ሰው ይቆማል፤ ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው። አምስት ጊዜ አርባ ሁለት መቶ። አሠልጣኝ የሚያካፍለው ይህንን ሁለት መቶ ደቂቃ ነው፤ የፈለገውን ያህል ዝነኛ ሰው ቢገዛ አንዲት ደቂቃ አትጨምርለትም። ኳስ ይዘው ለሚመሩና ከሩቅ ለሚወረውሩ ሁለት ቦታ አለ፤ ማለት 80 ደቂቃ። ሃፖኤል ለዚህ 80 ደቂቃ ሚቺችን፣ ብራያንትን፣ ብሌክኒን፣ ጆንስንና ማዳርን አስቀምጧል። እኩል ብታካፍሉት ለአንድ ሰው 16 ደቂቃ ይደርሳል። ሚቺች አሥራ ስድስት ደቂቃ ሊጫወት አልመጣም! እሱ 28 ቢወስድ ለአራቱ 52 ይቀራል። ብራያንትን ወደ ሦስተኛው ቦታ ቢያሸጋግሩት ይቀላል፤ ያኔ ግን እዚያ የነበረው ይነሳል። ማካቢም ቢሆን በቁጥር ያው ነው፤ ዎከር፣ ክላርክ፣ ዳውቲን፣ ብላት፣ ዲባርቶሎሜዮ። ልዩነቱ፣ ከነዚህ ማንንም ቢሆን ካታሽ ወንበር ላይ ቢያስቀምጠው ጋዜጣ አይጮህም።

ለአንድ ሌሊት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ሃፖኤል ይበልጣል ብዬ ዝም እል ነበር። ግን ዩሮሊግ ዘንድሮ 38 ጨዋታ አለው። በጦርነቱ ምክንያት ውድድሩ ሲጀመር ማካቢ የራሴ ሜዳ የሚለውን ጨዋታ ቤልግሬድ፣ ሃፖኤል ደግሞ ሶፊያ ነበር የሚጫወተው። ያ ሁሉ በአውሮፕላን ማለት ነበር። በዚህ መሃል ተመልሰው የሀገር ውስጡን ሊግ ይጫወታሉ፤ እዚያ ደግሞ የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተገደበ ስለሆነ ዝነኛው ሁሉ አንድ ላይ አይሰለፍም። ያኔ ሥራው የቲሞር፣ የጊናት፣ የሶርኪን ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የኔ ግምት፣ በአውሮፓ ሃፖኤል ከማካቢ በላይ ይጨርሳል፤ ሀገር ቤት ግን ማካቢን አስቀድማለሁ። የሃፖኤል ኢየሩሳሌም ደጋፊዎች አትቆጡ፤ እናንተ ዩሮካፕ ስለምትጫወቱ ጉዟችሁ ያንሳል፣ እግራችሁም ትኩስ ይሆናል።

ዝርዝር ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይበቃ የቆየ ምስክር አለ። ማካቢ ከ1970 እስከ 1992 ሻምፒዮናውን ሃያ ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ ወስዶ ነበር። በ1993 የቀማው ከላይኛው ገሊላ የመጣው ሃፖኤል ጋሊል ኤልዮን ነው። ከዚያ ቡድን ዋና ተጫዋቾች አንዱ ብራድ ሊፍ ይባላል። ልጁ ቲ.ጄ. ሊፍ በ1997 ቴል አቪቭ ተወለደ፤ አሜሪካ አድጎ ዘንድሮ ለማን ፈረመ? ለማካቢ።

እዚህ ስም ላይ ቆም በሉ። ታሚር ብላትም በ2014 ማካቢን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው የአሠልጣኝ ዴቪድ ብላት ልጅ ነው። እኔም የቄስ ልጅ ነኝና ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ አይገርመኝም። ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ልጆቻችን ይጠይቁናል፦ የኛ ስም የታለ? በሩጫ ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን የብር ሜዳሊያ አመጣ። በእግር ኳስ የነታንያው ልጅ ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆነ። በነዚህ ሁለት የቅርጫት ኳስ ዝርዝሮች ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ብትወርዱ የኛን ቤት ስም አታገኙም።

«ቁመት ነው» ይሉኛል። አልቀበለውም። ዲባርቶሎሜዮ አንድ ሜትር ከዘጠና አይሞላም፤ ቁመታቸው ከሱ የማያንስ ልጆች ጊቫት ኦልጋ ውስጥ በየቀኑ አያለሁ። እኔ የማየው ሌላ ነው። እግር ኳስ ሰፈር ውስጥ፣ በድንጋይ ጎል ሠርተው ይማሩታል። ካዱርሳል አዳራሽ ይፈልጋል፤ አሠልጣኝ ይፈልጋል፤ በስምንትና በዘጠኝ ዓመት መጀመር ይፈልጋል። ሁጉ በወር ይከፈላል፣ ጫማው በዓመት ይጠባል፣ ሰንበት ላይ ጨዋታ ቢወድቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አራት አምስት ልጅ ያለበት ቤት፣ እናት በፈረቃ እየሠራች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ልጅ የሚያደርስና የሚመልስ ማን ነው? አባትም ጨዋታውን ስለማያውቀው ልጁ ገብቶ ይሁን ተቀምጦ፣ ለምን እንደተቀመጠም፣ አይጠይቅም። የብላት ልጅ እራት ላይ የሚሰማውን የኛ ልጅ አይሰማም።

ስለዚህ አሁን በምዝገባው ሰሞን ማትናስ ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ ሲመዘገብ ቅናሽ አለ ወይ? ለተቸገረስ ድጎማ? ሳትጠይቁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ አሠልጣኙን በጨዋታ ላይ ልጄ ስንት ደቂቃ ይገባል ብላችሁ ጠይቁት። ያ ጥያቄ ነውር አይደለም፤ የሚቺች ወኪልም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዩሮሊጉ ሴፕቴምበር 30 ይጀምራል። ጨዋታው ማታ ስለሆነ በማግስቱ ጠዋት ክፍል ውስጥ ማን እንዳመሸ ከማዛጋቱ አውቃለሁ፤ እባካችሁ ሁለተኛውን አጋማሽ በጊዜ አስተኟቸው። አምስት ጨዋታ ካለፈ በኋላ ደግሞ ልጃችሁን ወረቀት አስይዙትና የደቂቃውን ሰንጠረዥ በዕብራይስጥ ያንብብላችሁ፣ እናንተ በአማርኛ ደምሩ። ማዳር ስንት ደርሶታል? ቲሞርስ? መጨረሻው ሁለት መቶ ካልመጣ አንዱ ተሳስቷል፤ ወይም ጨዋታው በእኩል አልቆ አምስት ደቂቃ ተጨምሮበታል።