የቆመ አይሮፕላን ስለሚያደርሰው አደጋ

በገበያ ቀን በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲመለስ ረዳቱ ቆርቆሮውን በመዳፉ እየደበደበ «ና፥ ና፥ በቃ!» ይላል፤ ወዲያው ሮጦ ከጎማው ሥር ታኮ ይጥላል። በዚያው ቅጽበት ማሽላ የጫነ አይሱዙ፥ ግመል የሚጎትት ባላገር፥ ሽንኩርት የተሸከመች ሴት በመካከል ያልፋሉ። ሰው ሳይገጭ መዋሉ ያስደንቃል።

የይፋት ቆላ መንገደኛ የሚያነሣ አይሮፕላን ጣቢያ የለውም። ነገር ግን ራምፕ የሚሉትን የቦሌን የአይሮፕላን ማቆሚያ ሜዳ በመስኮት የተመለከተ የይፋት ልጅ የሚያየው ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም ረዳት አለ፤ እዚያም ታኮ አለ። ልዩነቱ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ «በቃ» ቢሉ የሚሰማ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ መሪው በእጁ ይናገራል። ሁለቱን ክንዶቹን ከራሱ በላይ ሲያመሳቅል «ቁም» ማለቱ ነው፤ ይህም በአዲስ አበባ ሆነ በቶኪዮ አንድ ነው። ፓይለቱም ሊታዘዘው ይገባል፤ በብዙዎቹ ትልልቅ አይሮፕላኖች ከመቀመጫው ሆኖ የክንፉን ጫፍ ማየት አይችልምና። የቦይንግ 787 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ያህል ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እንዲህ ያሉት ታላላቆች በማቆሚያቸው ከጎረቤታቸው ቢያንስ 7.5 ሜትር እንዲርቁ ይደነግጋል። በዙሪያቸው ደግሞ የነዳጅ ቦቴው፥ የሻንጣ ጋሪው፥ የምግቡ መኪና፥ የመንገደኛው አውቶቡስ ይጋፋሉ።

ቦሌ የመገናኛ ጣቢያ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ሌሊቱን የበረሩት በማለዳ ይደርሳሉ፤ መንገደኞቻቸውን ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚወስዱትም በዚያው ጧት ይነሣሉ። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ይጠብቃል። የሜዳውን ሠራተኛ ሁሉ ሰዓት ያሳድደዋል ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የብዙው አደጋ ሥሩ ይህ ጥድፊያ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሞተሩ ነው። የጄት ሞተር በፊቱ ይስባል፥ በኋላው ይገፋል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ. ም. በአሜሪካ፥ በአላባማ፥ በሞንትጎመሪ አይሮፕላን ጣቢያ አንዲት የሜዳ ሠራተኛ ገና ሞተሩ ወዳልጠፋ፥ ወደ ቆመ አይሮፕላን ስትጠጋ ሞተሩ ስቦ ገደላት። መርማሪዎቹ እንደ ገለጹት አይሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ሠራተኞቹ ተሰብስበው ሞተሩ ቶሎ እንደማይጠፋ ተነግሯቸው ነበር፤ ቀዩም መብራት ይበራ ነበር። ይህ መብራት በአይሮፕላኑ ጀርባና ሆድ ላይ የሚብለጨለጨው ነው፤ እርሱ ሳይጠፋ ማንም አይጠጋም። ደንቡ ይኸው ብቻ ነው። ነገር ግን ደንብን ማወቅና በጥድፊያ መካከል ማስታወስ ሁለት ነገር ናቸው።

ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ሥጋቱ አያበቃም። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ሁለት ጊዜ አይቷል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ. ም. በለንደን ሂትሮ አንድም ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው ቦይንግ 787 ከጣራው ሥር እሳት ተነሣበት። መርማሪዎቹ ነገሩን ተከታትለው የደረሱት ከአንዲት የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያ መሣሪያ ባትሪ ላይ ነው፤ ሽቦዎቿ ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2012 ዓ. ም. ደግሞ በሻንጋይ ፑዶንግ ጭነት ሲጫንበት የነበረ ቦይንግ 777 ተቃጠለ። በሁለቱም የሞተ ሰው የለም።

ለእኛ ለተማሪዎች በቅርብ የሚነካን ግን የፕሮፔለሩ ነገር ነው። ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው በኮምቦልቻ ሜዳውን በእግሩ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ከዚያ የሚበሩት ኪው 400 የሚባሉት አይሮፕላኖች በእያንዳንዱ ሞተራቸው ስድስት ምላስ ያለው ፕሮፔለር አላቸው፤ በኃይል ሲዞር ዓይን አይለየውም፤ ባዶ አየር ይመስላል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ከመስመሩ ወጣ የሚል፥ ነፋስ የወሰደበትን ወረቀት ተከትሎ ከክንፉ ሥር የሚገባ መንገደኛ ይህን አያስብም። አውቶቡስ ሳይቆም በበሩ መንጠልጠል የለመድን ሰዎች ነን። እንግዲህ አስተናጋጁ ክንዱን ዘርግቶ ሲያስቆማችሁ ቀና በሉና ቀዩን መብራት ፈልጉት።