ስለ ጓያ የተጻፉ ጥናቶችና የጾም ድስታችን

በጎብዬ ገበያ የደጋ ሰዎች እህላቸውን ይዘው በሚወርዱበት ቀን፣ ከሽንብራውና ከምስሩ አጠገብ ጓያ ተዘርግፎ ይታያል። ዋጋው ያነሰ ስለ ሆነ፣ ይልቁንም ጾም ሲገባ፣ ለሽሮ የሚሆን ሳይሸምት የሚመለስ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። በዚያው ገበያ ዳር እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉበት፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ በሁለት ምርኵዝ የሚሄድ ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሰው አገሩ «ጓያ የሰበረው» ይለዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ሰው የሚሰበረው በጓያ ማሳ መካከል ሲያልፍ ነው ወይስ የሚፈላው ጓያ እንፋሎት ሲመታው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከታላላቆቼ የሰማሁት ይህንኑ ነበርና ለመመለስ ተቸገርሁ። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን በየደጁ የሰጡኝን ሁሉ፣ የጓያ ቆሎም ቢሆን፣ ስበላ አንድ ቀን እንኳ አልፈራሁም፤ ማሳው ሲያጋጥመኝ ግን ዞሬ እሄድ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ጽሑፎች ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የነርቭ ሕክምና ሊቅ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ አስተምረዋል። ጥናታቸውን ግን ወደ ባላገሩ ደጅ ይዘው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ሥራቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና በማረቆ፣ 60,820 ሕዝብ ቤት ለቤት ተመርምሮ 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ባላገሩ ስለዚህ በሽታ ያለውን አስተያየት አሳተሙ። ብዙ ሰው በሽታው ከክፉ መንፈስ የሚመጣና በመንካት የሚጋባ ይመስለው ነበር። እኛስ ብንሆን ክብሪት ጭሮ ከማሽተት በቀር ምን እናውቃለን? ጸሎቱና ጸበሉ እንዳለ ሆኖ፣ ወድቆ የሚንፈራገጠውን ከምድጃው ማራቅ የሚከለክል ሥርዐት የለም።

በዚያው በ1990 ስለ ጓያ የጻፉት ወጣ። ስብራቱ በሰሜን ምዕራብ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ የሚያሳይ ነበር። በ1999 ዶክተር ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁን ከእርሳቸውና ከሌሎች ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ደላንታ ዳውንት ጻፉ፤ በ2005 ደግሞ ፕሮፌሰር ረዳና ባልንጀሮቻቸው ስለ ለጋምቦ አሳተሙ። እነዚህ ሁለቱ የእኛው የወሎ አገሮች ናቸው። ዝናም ሲጠፋ ሌላው አዝመራ ደርቆ ጓያ ብቻውን ይቆማል። ድኻውም ሁለት ሦስት ወር እርሱን ብቻ ይበላል፤ ስብራቱም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘውም ጐልማሳውን ወንድ፣ አራሹን ነው። አእምሮው እንደ ነበረ ይቀራል፤ እግሩ ግን አይመለስም፤ መድኀኒትም አልተገኘለትም።

ምክንያቱ እንፋሎትም ጤዛም አይደለም። በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ እንዳለ በ1964 በህንድ አገር ታወቀ። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ቅመሞች አንዱ ግሉታሜት ይባላል። ኦዳፕ መልኩ ይህን ስለሚመስል ወደ በሩ ገብቶ ያለ ልክ ያንኳኳል፤ እግርን የሚያዝዙት ሕዋሳትም ከመጠን በላይ ተነሣሥተው ይሞታሉ። (ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣም በዚያው በግሉታሜት ቤት ሌላውን በር ዘግቶ ነው የሚያስተኛ።)

ለእመቤቶች ይበልጥ የሚጠቅመው ዶክተር ኃይለ ኢየሱስና ባልንጀሮቻቸው በ2003 በዚያው መጽሔት ያወጡት ነው። የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን አመዛዝነው ቢመረምሩ፣ አደጋው የበዛው ጓያን በእሸትነቱ፣ በንፍሮና በቆሎ መልክ በሚበሉት ላይ ሆኖ ተገኘ። በእንጀራ፣ በቂጣና በሽሮ መልክ የበሉት ግን እንዲህ አልተጐዱም። ከሌላ እህል ጋር መደባለቁ፣ ወጡም እንደ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለ ቅመም ሲገባበት አደጋውን ይቀንሳል። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ ፍሬውን አሳድሮ ውሃውን መድፋትም ይረዳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። እንግዲህ እኔ የፈራሁት ማሳ ምንም አላደረገኝም፤ ሊያስፈራኝ ይገባ የነበረው በእጄ የዘገንሁት ቆሎ ነበር።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ነገርሁት። በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ፣ «እናቴ ጓያውን አሳደረችው፤ ነገር ግን ውሃው ከሚደፋ ለጫጩቶቹ ልስጠው ወይ ብላ ጠይቅልኝ አለችኝ» አለ። ጫጩትም ይሰብራልና አይሆንም፣ ራቅ አድርጋ ትድፋው አልሁት።