ፊልሙ አንድ፣ ማጫወቻው ብዙ

የፊልም አፕ ከፍተን አንድ ፊልም ስንነካ ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ፊልሙን ከዝርዝር ውስጥ ፈልጎ በኢንተርኔት ላይ ያለበትን አድራሻ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ አድራሻ የሚመጣውን የታመቀ ዳታ እየፈቱ ወደ ምስልና ድምፅ መመለስ ነው፤ ይህ የማጫወቻው ድርሻ ነው። ብዙ አፖች የራሳቸውን ማጫወቻ ይዘው ስለሚመጡ ሁለቱ የማይነጣጠሉ ይመስሉናል። ይነጣጠላሉ።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። አፑ የፊልሙን አድራሻና «ይህ ቪዲዮ ነው» የሚል ምልክት ለስልኩ ያስተላልፋል። ስልኩም ቪዲዮ መክፈት የሚችሉትን አፖች ይደረድርልናል፦ ቪኤልሲ፣ ኤምኤክስ ፕሌየር፣ ሌላም ካለ ሌላ። የመረጥነው ማጫወቻ አድራሻውን ይዞ ፊልሙን በቀጥታ ከሰርቨሩ ይስባል። በቤት ኮምፒውተር ላይ የተከማቸ ፊልምን ወደ ስልክና ቴሌቪዥን የሚያደርሰው ጄሊፊን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር፣ በአንድሮይድ አፑ ሴቲንግ ውስጥ ይህን ምርጫ ለተጠቃሚው ሰጥቷል።

ምርጫው ለአማርኛ ተመልካች በተለይ የሚጠቅመው በሰብታይትል በኩል ነው። ጽሑፉን ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ማጫወቻው ስለሆነ፣ የሚጠቀመው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው በ«ሰላም» ፋንታ ሦስት ባዶ ሳጥን እናያለን። ሌላ ማጫወቻ ያንኑ ፋይል አጥርቶ ሊያሳየን ይችላል። ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች ፊደሉን ማተለቅም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ጽሑፉ ከንግግሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሲመጣስ? ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ ያለው ሰው «ጂ» ወይም «ኤች» የሚለውን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ሰብታይትሉ በ50 ሚሊሰከንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይሄዳል።

ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ሲሆንም ማጫወቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ይረዳል። ስልኩ በ2013 የወጣውን ኤች.265 የተባለ የቪዲዮ አስተማመቅ የሚፈታ ቺፕ ባይኖረው፣ ቪኤልሲ መፍቻውን በራሱ ይዟል። ባትሪ ግን ይበላል፣ ስልኩም ይግላል።

የሚቀርም ነገር አለ። ማጫወቻው ያቆምንበትን ደቂቃ መልሶ ካልነገረው፣ አፑ በሚቀጥለው ጊዜ ፊልሙን ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉት ደግሞ ፊልሙን ቆልፈው ነው የሚልኩት፤ ቁልፉ የሚሰጠው ለተፈቀደለት ማጫወቻ ብቻ ስለሆነ አድራሻው ብቻውን ለቪኤልሲ ምንም አይፈይድለትም። የፊልም ባለመብቶች ያንን ይጠይቃሉ፣ ይገባኛል። ቁልፍ የሌለበትን ትምህርት፣ ስብከት ወይም የሠርግ ቪዲዮ የሚያሳይ አፕ ግን ምርጫውን የሚነፍግበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ስልኩ በምን ልክፈተው ብሎ ሲጠይቅ መጀመሪያ «አንዴ ብቻ» የሚለውን ይንኩ። «ሁልጊዜ» ብለው ከሆነም፣ ሴቲንግ ውስጥ የማጫወቻውን ስም ከአፖች ዝርዝር ከፍተው ያንን ምርጫ ማጥፋት ይችላሉ፤ ስልኩ እንደገና ይጠይቅዎታል።