የገብስ ጠላትና የገብስ ጋሻ

(በራዲዮ የተነገረ)

አባቶቻችን ገብስን «የእህል ንጉሥ» ይሉታል። እንጀራም ገንፎም፣ ቆሎም በሶም፣ ጠላም የሚሆን እህል ስለ ሆነ ስሙ አይበዛበትም። ይሁን እንጂ ንጉሥም ቢሆን ጠላት አያጣም። ዛሬ የምንነጋገረው በዓይን በጭንቅ ስለሚታይ አንድ ተባይ፣ ይህም ተባይ ተሸክሞት ስለሚዞር፣ በዓይን ጨርሶ ስለማይታይ በሽታ ነው። ነገሩ የገበሬ ብቻ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ከወር ደመወዙ እህል ሸምቶ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረውን የከተማ ሰው ሁሉ የሚነካ ነው።

ተባዩ ገበሬዎቻችን ክሽክሽ የሚሉት ነው። ገላው ለስላሳ፣ መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ፣ በቅጠልና በአገዳ ላይ ተጠጋግቶ የሚኖር ነፍሳት ነው። እንደ አንበጣ ቅጠል አይቈርጥም፤ እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን ተክሉ ስኳር ወደሚያመላልስበት ሥር አግብቶ ይመጣል እንጂ። የሚያስፈራው መብዛቱ ነው። እንስቲቱ ያለ ተባዕት ሕይወት ያለው ልጅ ትወልዳለች፤ ገና ያልተወለደችውም ልጅ በሆዷ የራሷን ልጅ መያዝ ትጀምራለች። ስለዚህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንዲቱ እልፍ ትሆናለች። ሥፍራው ሲጠባቸው ወይም ተክሉ ሲደርቅባቸው ክንፍ ያላቸው ይወለዳሉ፤ ነፋስም ወደ ሌላ እርሻ ያደርሳቸዋል።

ክሽክሽ ብቻውን ቢሆን ጉዳቱ በተወሰነ ነበር። ነገር ግን በ1951 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ኦስዋልድና ሂውስተን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨው በሽታ ቫይረስ መሆኑን፣ አመላላሹም ክሽክሽ መሆኑን ገለጹ። በሽታው የያዘው ገብስ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ይገረጣል፤ ቁመቱ ያጥራል፤ ዛላው ባዶ ወይም ፍሬው የሰለለ ይሆናል። ይህም መልክ ውሃ ከተኛበት ወይም ኃይሉ ከደከመ መሬት ከበቀለ ገብስ ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ አያስታውቅም። ስንዴና አጃም ከዚሁ በሽታ አያመልጡም።

ክሽክሹ ከታመመው ተክል ጥቂት ሰዓት ከመጠጠ በኋላ ቫይረሱ በአንጀቱ አልፎ ወደ ምራቁ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ በነካው ተክል ሁሉ ላይ ይዘራዋል። ደግነቱ፣ ልጆቹ ቫይረሱን ይዘው አይወለዱም፤ ከታመመ ተክል ሲመጡ ብቻ ይወስዱታል። ገብሱ አንድ ጊዜ ከታመመ ግን የሚያድነው መድኃኒት የለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መርዝ መርጨት ይቻላል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መርዝ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ክሽክሽን የሚበሉትን ጠቃሚ ጥንዚዛዎች አብሮ ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው በሽታው ከተላለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ተክሉ ራሱ ጋሻ እንዲኖረው ማድረግን መረጡ። በአሜሪካ በካንሳስ ይሠራ የነበረው ሬጂናልድ ፔንተር በ1951 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ኃይል በሦስት ከፈለው።

የመጀመሪያው ተባዩ እንዳይወደው መሆን ነው፤ ደጁ ተዘግቶ እንዳገኘ እንግዳ ክሽክሹ ቀምሶ ይሄዳል። ሁለተኛው ተባዩን ማድከም ነው፤ ክሽክሹ ቢመጥም አይፋፋም፣ ልጁም ያንሳል። በአንዳንድ የገብስ ዓይነት ውስጥ የሚገኘው ግራሚን የተባለው መራራ ነገር ይህን ሥራ ይሠራል። ሦስተኛው መቻል ነው፤ ተባዩ ሳይጐድል ተክሉ ተሸክሞት ያፈራል። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ክሽክሹን ትቶ ቫይረሱን ራሱን የሚገታ ኃይል አለ።

የእኛ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ሊቃውንት ይህን ኃይል ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን የገብስ ዘር እየዘሩ መረመሩ። በ1959 ዓ.ም. ራስሙሰንና ሻለር የተባሉት ከኢትዮጵያ ገብስ ያገኙትን አንድ ጂን፣ ማለት የዘር ባሕርይ ተሸካሚ፣ «ዋይ.ዲ. 2» ብለው ሰየሙት። በ1963 ዓ.ም. በታተመው ሌላ ጥናት ከ6,000 በላይ ዓይነት ገብስ ተፈትኖ፣ በሽታውን የተቋቋሙት ከ100 ጥቂት የሚበልጡ ሆኑ፤ ከእነርሱም ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ «ሲ.ኤም. 67» እና «አትላስ 68» የተባሉት የካሊፎርኒያ ገብሶች ይህን ጂን ይዘው ወጡ። ጂኑ በሁሉም ዓይነት ቫይረስ ላይ እኩል አይሠራም፤ ቢሆንም ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ዘሩስ እንዴት ወደ ውጭ አገር ሄደ? ሐሪ ሃርላን የተባለው አሜሪካዊ የገብስ ሊቅ በ1923 ዓ.ም.፣ ሩሲያዊው ቫቪሎቭ ደግሞ በ1927 ዓ.ም. በአገራችን እየተዘዋወሩ ዘር ሰብስበዋል። ያገኙት ግን በአንድ ቀን የተፈጠረ አልነበረም። ገበሬዎቻችን ሰነፍ ቆሎ፣ ማውጌ፣ ባለሚ እያሉ በስም የሚለዩአቸውን ገብሶች ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ፣ ለውርጩ፣ ለበልጉና ለክረምቱ የሚስማማውን እየመረጡ አኑረዋል። በአንድ ማሳ ላይ ልዩ ልዩ ዓይነት ተደባልቆ መገኘቱም አዲስ አይደለም። ላላወቀው ሰው ይህ ያልተጣራ ዘር ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዚያ ድብልቅ ውስጥ ጋሻ ተሸሽጎ ነበር።

አንድ ጋሻ ብቻውን እንደማይበቃም የሌላ ክሽክሽ ታሪክ ያስረዳል። የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባለው ይህን ቫይረስ በማመላለስ ሳይሆን፣ በምራቁ ቅጠሉን እየጠቀለለ ይጐዳል፤ በአገራችን ሰሜናዊ ደጋም ከ1970ዎቹ ወዲህ ገብስን ሲያጠቃ ታይቷል። አሜሪካ የገባው በ1986 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. በኮሎራዶ «ሐልት» የተባለ ስንዴ ክሽክሹን የሚቋቋም ጂን ይዞ ወጣ። በ2003 ዓ.ም. ግን ያን ጂን የሚያሸንፍ አዲስ የክሽክሽ ዓይነት ተገኘ። ሊቃውንቱም ሌላ ጂን ፍለጋ እንደገና ወደ ዘር ጐተራ ተመለሱ። ጐተራው ባዶ ቢሆን ኖሮ ወዴት ይሄዱ ነበር?

ለእኛ ቁም ነገሩ ይህ ነው። የተሻሻለ ዘር ምርት ያበዛልና ይወደዳል፤ መወደዱም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ዘር አገሩን ሁሉ ሲሸፍን የቀድሞው ዘር ይጠፋል፤ የጠፋ ዘር ደግሞ በገንዘብ አይገዛም፣ በደብዳቤም አይታዘዝም። ለዚህ ሲባል በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማስቀመጫ ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። በዚያም ብዙ ሺህ ዓይነት የገብስ ዘር በቅዝቃዜ ተጠብቆ ይገኛል። ሆኖም በማቀዝቀዣ ያለ ዘር እንደ ተኛ ሰው ነው፤ በገበሬው ማሳ ያለው ግን ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየታገለ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በመሥሪያ ቤት የምንገኝ ሁሉ፣ ስለ ዘር ዕድላ፣ ስለ በጀት ወይም ስለ እርሻ ዕቅድ አንድ ወረቀት በእጃችን ሲያልፍ፣ «አዲሱ ሲገባ አሮጌውስ የት ይቀመጣል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። አንዱን ጋሻ ሳናውቀው ገበሬው ጠብቆ አቈይቶልናል። የሚቀጥለው ጋሻ በየትኛው ማሳ እንዳለ ገና አልተመረመረምና፣ ከመመርመሩ በፊት እንዳይጠፋ መጠበቅ የእኛ ተራ ነው።