ከጎርፍ የወጣ መኪናና የባለቤቱ ትዕግሥት

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን የሚቈጠረው ዘመነ ክረምት ምድር የምትረካበት፣ ዘር የሚበቅልበት፣ ገበሬም ተስፋውን የሚያይበት የተባረከ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው የበረከት ውኃ መውረጃውን ባጣ ጊዜ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ ያላየ የከተማ ሰው አይገኝም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። አዲስ አበባም ከእንጦጦ ተራራ ጀምሮ እስከ አቃቂ ድረስ ቁልቁል የተዘረጋች ከተማ ስለ ሆነች፣ በላይኛው ሰፈር የዘነበው ዝናም ጥቂት ቈይቶ በታችኛው ሰፈር ጎርፍ ሆኖ ይገኛል።

በተለይም በጾመ ፍልሰታ ቅዳሴ የሚፈጸመው ከቀትር በኋላ በመሆኑ፣ ቤተ ሰቡ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስበት ሰዓትና የነሐሴ ዝናም የሚበረታበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ። አባት መሪውን ይዟል፤ እናትና ልጆች፣ ምናልባትም አያት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊት መንገዱን የሸፈነ ድፍርስ ውኃ አለ፤ ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። አባትም «የፊተኛው አልፏልና እኔም አልፋለሁ» ብሎ ይገባል። ከመካከል ሲደርስ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስልና ጸጥ ይላል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከዚያች ጸጥታ በኋላ ስለሚደረገው ነገር ለመነጋገር ነው። ጎርፍ በመኪና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ባይሆንም፣ ከጎርፉ በኋላ የሰው ችኰላና የሰው መሸፋፈን የሚጨምሩበት ጉዳት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ሕይወት ነው። ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ ጎልማሳ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የደረሰው ደግሞ ከባድ የሚባሉትን መኪኖች ጭምር ይዞ ይሄዳል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ መኪናው ከቆመ በኋላ ውኃው እየጨመረ ከሆነ፣ የኤሌክትሪኩ ኀይል ሳይቋረጥ መስኮቱን መክፈት፣ የወንበር ቀበቶዎችን መፍታት፣ ልጆችንና አረጋውያንን በእጅ ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። መኪና በገንዘብ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም። ለዕቃ ተብሎ ወደ ጎርፍ መመለስም ፍጹም የማይገባ ነው።

ቤተ ሰቡ በደኅና ከወጣ በኋላ የባለቤቱ ፈተና ይጀምራል። እጁ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ «አንድ ጊዜ ብሞክረውስ?» ይላል። አንባቢዎቻችን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንዲቀሩ ቢፈለግ፣ የምንመርጠው ይህን ነው፦ በውኃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ዳግመኛ ለማስነሣት አትሞክሩ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ፒስቶን ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር አምቆ ያጠብበዋል፤ አየር ሲታመቅ ይጠብባልና። ውኃ ግን እንደ አየር አይታመቅም። ስለዚህ በአየር መሳቢያው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ውኃ ገብቶ ከሆነ፣ ወደ ላይ የሚገሠግሠው ፒስቶን ከማይበገር ነገር ጋር ይጋጫል፤ ፒስቶኑን የሚገፋው ቢየላም ይጣመማል ወይም ይሰበራል። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር አየሩን አብዝቶ የሚያምቅ በመሆኑ ለዚህ ጉዳት ጥቂት ውኃ ይበቃዋል። እንግዲህ በማድረቅና ዘይት በመለወጥ ሊድን ይችል የነበረው ሞተር፣ በአንዲት የቁልፍ ማዞር ምክንያት ተፈትቶ የሚሠራ ወይም ጨርሶ የሚጣል ይሆናል።

ጻድቁ ኖኅ ዝናሙ እንዳቆመ ወዲያው የመርከቡን በር ከፍቶ አልወጣም። ቁራውንና ርግቧን ላከ፤ ሰባት ቀን፣ ደግሞም ሌላ ሰባት ቀን ታገሠ፤ ምድርም መድረቋን ካየ በኋላ እንኳ እስኪታዘዝ ቈየ። ከጥፋት ውኃ የዳነ ሰው ይህን ያህል ከታገሠ፣ ለአንድ መኪና የአንድ ቀን ትዕግሥት ማድረግ ለእኛ ምን ያህል ይከብደናል?

ስለዚህ መኪናው ተገፍቶ ወይም ተጎትቶ ወደ ደረቅ ስፍራ ይውጣ። ካምቢዮው አውቶማቲክ የሆነ መኪና ግን ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት እየነኩ ሩቅ መንገድ ቢጎተት ካምቢዮው ይበላሻልና፣ በተሸካሚ መኪና ላይ ተጭኖ ቢሄድ ይሻላል። ውኃው እስከ የት ድረስ እንደ ደረሰ በበሩና በወንበሩ ላይ የቀረውን የጭቃ መሥመር ተመልክቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህ ለመካኒኩም ለመድን ድርጅቱም ዋና ማስረጃ ነው። ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው አስቀድሞ የነጌቲቩን፣ ቀጥሎም የፖዘቲቩን ሽቦ መፍታት ነው።

በጋራዥ መካኒኩ የሚጀምረው ከዘይቱ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ሲታይ ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ነጣ ብሎ ከተገኘ ውኃ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮው ርሶ ከሆነ ደግሞ ውኃው ወደ ሞተሩ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። በዚህ ጊዜ ካንዴላዎቹ ይወልቃሉ፤ ሞተሩም በእጅ ቀስ ተብሎ እየዞረ ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ እንዲወጣ ይደረጋል። የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት ሁሉ ይፈስሳል፤ ፊልትሮዎቹም ይለወጣሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ፣ በየጥጋጥጉ የቀረው ውኃ ከአዲሱ ዘይት ጋር ይቀላቀላልና፣ ዘይቱን ዳግመኛ መለወጥ ይገባል። ይህን ሁለተኛውን ለውጥ «ወጪ ነው» ብለው የሚተዉት ሰዎች በኋላ የኩሽኔታ ዋጋ ሲከፍሉ ይገኛሉ። ፍሬኑ፣ ሞተሪኖውና የነዳጁ በርሜልም አብረው ይመርመሩ።

የቤተ ሰቡ ሥራ ደግሞ የመኪናው ውስጥ ነው። ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ጨርሶ ማውጣት፣ ወንበሮቹን አንሥቶ በፀሐይና በነፋስ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሻጋታ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መብቀል ስለሚጀምር፣ በተለይም አስም ያለበት ሕፃን በሚገኝበት ቤት ይህ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም። የከተማ ጎርፍ የቈሻሻ መውረጃዎችን ይዞ የሚመጣ በመሆኑ፣ የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ሕፃናትም አይጠጉ። በዘመናችን መኪና ከወንበር ሥርና ከወለሉ አጠገብ ብዙ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና መቈጣጠሪያዎች ይገኛሉ፤ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢትን የሚያዘውም ብዙ ጊዜ በዚያው አካባቢ ነው። እነዚህ ዛሬ ደኅና መስለው ከሳምንታት በኋላ በዝገት ሊበላሹ ስለሚችሉ፣ ባለሙያ ሳያያቸው ቤተ ሰብ ጭኖ መንገድ መውጣት አይገባም።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በየቤቱ በዝተዋልና፣ ስለ እነርሱም ጥቂት ማለት ይገባል። እነዚህ መኪኖች የሚታመቅ አየር ስለሌላቸው ቢየላቸው አይሰበርም፤ አደጋቸው ሌላ ነው። ታላቁ ባትሪያቸው ውኃ ከገባበት ከሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ በራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ በጎርፍ የተዋጠ የኤሌክትሪክ መኪና ኤሌክትሪክ ሊሞላ አይገባም፤ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ወፍራም ሽቦዎቹም አይነኩ። ከቤትና ከሌላ መኪና ቢያንስ 15 ሜትር ርቆ በገላጣ ስፍራ ይቁም እንጂ፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት ሥር ባለው መኪና ማቆሚያ አይግባ።

ስለ ወጪውም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ሕግ በግዴታ የሚያስገባን የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ በራሳችን መኪና ላይ ለደረሰው አይከፍልም። ሙሉ መድን ያለውም ሰው ውሉ ጎርፍን የሚጨምር መሆን አለመሆኑን ክረምት ሳይገባ አንብቦ መረዳት ይገባዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻም ከገንዘብ ይልቅ ኅሊናን ወደሚነካው ነገር እንመጣለን። አንዳንድ ሰው መኪናው ከጎርፍ ከወጣ በኋላ አሳጥቦ፣ ሽቶ ረጭቶ፣ የወንበሩን ልብስ ለውጦ፣ ምንም እንዳልደረሰበት አድርጎ ይሸጠዋል። ገዢው ምናልባት የብዙ ዓመት ቁጠባውንና የዕቁብ ገንዘቡን ያዋጣ የቤተ ሰብ አባት ነው። በዝገት የተበላው የፍሬን ወይም የአየር ከረጢት ሽቦ በመንገድ ላይ ሲከዳው፣ ያልታወቀው ሻጭ በዚያ አደጋ እጁ የለበትም ለማለት ይቻላልን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የእግዚአብሔር ሕግ ደግሞ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ሲል ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። መኪናው ከጎርፍ የወጣ መሆኑን ተናግሮ፣ የተሠራበትን ደረሰኝ አሳይቶ፣ በሚገባው ዋጋ መሸጥ ኪሳራ ቢመስልም እንቅልፍ የማይነሣ ኪሳራ ነው።

የሚገዛም ሰው ይጠንቀቅ። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ የጭቃ መሥመር ያለበት መሆኑን ይመልከት፤ የትርፍ ጎማውን ማስቀመጫ ከፍቶ ደለል ይፈልግ፤ ከወንበሩ ሥር ያሉት ብሎኖች ዝገው፣ የፊት መብራቱም በውስጡ ጤዛ ይዞ ከሆነ ይጠይቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ ሽቶ የሸፈነው የሻጋታ ሽታም መስኮቱ ተዘግቶ ባደረ መኪና ውስጥ ጧት ይገለጣል።

እንግዲህ ጎርፍን ማስቀረት በእያንዳንዳችን እጅ ባይሆንም፣ በውኃው ፊት ቆም ማለት፣ ቁልፉን አለመንካት፣ የሆነውንም ሳይሸሽጉ መናገር በእጃችን ነው። ከኋላ የሚነፋው ጡሩምባ ቢበዛም፣ ልጆቹን ይዞ በሌላ መንገድ ዘግይቶ ቤቱ የገባ አባት አልተሸነፈም። የክረምቱን ዝናም የበረከት፣ የቤተ ሰባችንንም መንገድ የሰላም ያድርግልን። አሜን።