የአይሁድ መራጮችና ፖለቲከኞች በአሜሪካ ምርጫ

በአሜሪካ ከሚኖሩ አዋቂዎች መካከል አይሁዳውያን 2.4 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2020 ባካሄደው ጥናት ገምቷል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ ከመቶ ሦስት ሰው አይሞላም። ያም ሆኖ የፕሬዚዳንት ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ሁለቱም ታላላቅ ፓርቲዎች የዚህን ማኅበረሰብ ደጅ ይጠናሉ። ምክንያቱ በዋናነት ሁለት ነው፤ አንደኛው አይሁዳውያን ድምፅ ለመስጠት ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ነቅለው የሚወጡ መሆናቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚኖሩበት ቦታ ነው።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በመላ አገሪቱ በተሰበሰበ የድምፅ ብዛት አይደለም። 538 የወኪል መራጮች ድምፅ ለየግዛቱ ተደልድሏል፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከኔብራስካ በስተቀር በአንድ ግዛት በጥቂት ድምፅም ቢሆን የበለጠ ዕጩ የግዛቱን ድርሻ ጠቅልሎ ይወስዳል። ኒውዮርክና ካሊፎርኒያ ብዙ አይሁዳውያን ያሉባቸው ግዛቶች ቢሆኑም፣ ለዴሞክራቶች ማድላታቸው የታወቀ ስለሆነ በዛሬ ጊዜ የማኅበረሰቡ ድምፅ እዚያ ሚዛን አይደፋም። ፔንሲልቬኒያ ግን ሌላ ናት። ዶናልድ ትራምፕ በ2016 ግዛቷን ያሸነፉት በ44,000 ገደማ፣ ጆ ባይደን በ2020 ያሸነፉት በ80,000 ገደማ የድምፅ ልዩነት ነው። በፊላዴልፊያና በአካባቢዋ ብቻ ከነዚህ ልዩነቶች የሚበልጡ አይሁዳውያን መራጮች አሉ።

ማኅበረሰቡ እዚህ የደረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራል ሹመት የሃይማኖት መስፈርት እንዳይጠየቅ ቢከለክልም፣ ክልከላው ግዛቶችን አያስገድድም ነበር። በሜሪላንድ ለምሳሌ አይሁዳዊ የመንግሥት ሥልጣን እንዲይዝ የተፈቀደው በ1826 ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት፣ በዲሴምበር 1862፣ ጄኔራል ዩሊሰስ ግራንት የጥጥ ኮንትሮባንድን ሰበብ አድርገው አይሁዳውያን በሙሉ ከዕዛቸው ክልል እንዲባረሩ አዘዙ። ፓዱካ ከምትባለው የኬንታኪ ከተማ ከተባረሩት አንዱ የሆነው ነጋዴ ሴዛር ካስኬል ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ለፕሬዚዳንት ሊንከን አቤት አለ፤ ሊንከንም ትእዛዙ እንዲሻር አደረጉ። ግራንት በ1868 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ይኸው ጉዳይ ተነሣባቸው፤ የአይሁዳውያን ድምፅ ወዴት ያዘነብላል የሚለው ጥያቄም የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ግራንት መጸጸታቸውን ገልጸው ምርጫውን አሸነፉ። በሥልጣን ዘመናቸውም አይሁዳውያንን ለተለያዩ ኃላፊነቶች የሾሙ ሲሆን፣ በ1876 ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ምኩራብ ምረቃ ላይ ተገኝተዋል።

ከ1880ዎቹ እስከ 1924 ባለው ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁዳውያን ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ገቡ። ብዙዎቹ በኒውዮርክ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ተቀጥረው ይሠሩ ስለነበር ፖለቲካን የተማሩት በሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ነው። በ1914 ከእነዚሁ ሠራተኞች ሠፈር ሜየር ለንደን የተባሉ ሶሻሊስት ለኮንግረስ ተመረጡ። ይህን ሠራተኛ መራጭ ወደ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጠቅልለው ያስገቡት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። የሥራ ዋስትናና የጡረታ መብት ያስከበረው ፖሊሲያቸውና በናዚ ጀርመን ላይ የያዙት አቋም ተደምረው፣ በ1944 ከአሥር አይሁዳውያን መራጮች ዘጠኙ ያህል እንደመረጧቸው ይገመታል።

ይህ ትስስር ከዚያ ወዲህ ላላ ጠበቅ ቢልም አልተበጠሰም። በጣም የሳሳው በ1980 ነው፤ ያኔ ዴሞክራቱ ጂሚ ካርተር ከአይሁዳውያን ድምፅ 45 በመቶ ገደማ፣ ሪፐብሊካኑ ሮናልድ ሬገን ደግሞ 39 በመቶ ገደማ አገኙ። በ1992 ቢል ክሊንተን ወደ 80 በመቶ መልሰውታል።

የዚህ ድምፅ አቅምም ገደብም ጎልቶ የታየው በ2000 ነው። የዴሞክራቶቹ ዕጩ አል ጎር ምክትላቸው እንዲሆኑ የመረጧቸው የኮነቲከቱ ሴናተር ጆ ሊበርማን፣ በትልቅ ፓርቲ ለዚህ ቦታ የታጩ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ነበሩ። ሊበርማን ሰንበት አክባሪ በመሆናቸው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የምርጫ ቅስቀሳ ያቆሙ ነበር፤ ሴኔቱ ቅዳሜ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነም መኪና ሳይሳፈሩ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ምርጫው የተቋጨው ግን በፍሎሪዳ ነው። በርካታ አይሁዳውያን ጡረተኞች በሚኖሩበት በፓልም ቢች አውራጃ የዕጩዎቹ ስም በሁለት ትይዩ ገጾች ተዘርዝሮ፣ መራጩ የሚበሳው ነጥብ መካከል ላይ ተደርድሮ ነበር። የጎር ስም በግራ ገጽ ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ነጥብ የሳቸው አልነበረም፤ በቀኝ ገጽ አናት ላይ የሰፈሩት የወግ አጥባቂው የፓት ቡካናን ነበር። እስራኤልን አጥብቀው በመተቸት የሚታወቁት ቡካናን በአውራጃው ከ3,400 በላይ ድምፅ አገኙ፤ ከዚህ አብዛኛው የእኔ አይመስለኝም ሲሉም ራሳቸው ተናገሩ። ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን፣ በዚያውም ፕሬዚዳንትነቱን፣ ያሸነፉት በ537 ድምፅ ነው።

ከሊበርማን በፊት በሹመት የታወቁ አይሁዳውያን ነበሩ። ኦስካር ስትራውስ በ1906 የመጀመሪያው አይሁዳዊ የካቢኔ አባል ሆኑ፤ ሄንሪ ኪሲንጀር በ1973 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ያዙ። በሕዝብ ድምፅ ደግሞ በርኒ ሳንደርስ በ2016 በኒው ሃምፕሸር የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ድል አድርገው፣ በፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ ግዛት ያሸነፉ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆኑ። ቸክ ሹመር በ2021 የሴኔቱ የአብላጫው መሪ ለመሆን በቅተዋል። እነዚህ ሰዎች በአይሁዳዊነት ይመሳሰሉ እንጂ በፖለቲካ የተራራቁ ናቸው፦ ሊበርማን በ2008 የሪፐብሊካኑን ጆን ማኬይንን ሲደግፉ፣ ሳንደርስ በእስራኤል መንግሥት ላይ ከሚሰነዘሩት ጠንካራ ትችቶች ብዙዎቹን ይጋራሉ።

በገንዘብ ረገድም ተፅዕኖው በሁለቱም ወገን ይታያል። በ2021 ያረፉት የካዚኖ ባለሀብቱ ሼልደን አደልሰን የሪፐብሊካኖች ዋና ለጋሽ ነበሩ፤ ጆርጅ ሶሮስ ደግሞ የዴሞክራቶች ዋና ለጋሽ ናቸው። የእስራኤል ደጋፊ የሆነው ድርጅት አይፓክ የመሠረተው የምርጫ ፈንድ በ2024 በኒውዮርክ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ የኮንግረስ አባሉን ጀማል ቦውማንን ለማሸነፍ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ተሳክቶለታል። በሌላ በኩል በ2008 ሥራ የጀመረው ጄ ስትሪት የተባለ ድርጅት የፍልስጤም መንግሥት እንዲመሠረት የሚሹ ዕጩዎችን ይደግፋል።

አይሁዳዊ መራጭ ካርዱን የሚሰጠው ለእስራኤል ባለው ስሜት ብቻ ነው የሚለው ግምት ግን አያስኬድም። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በሜይ 1948 እስራኤል በታወጀች በ11 ደቂቃ ውስጥ እውቅና ቢሰጡም፣ በዚያው ዓመት ምርጫ ኒውዮርክን አላሸነፉም፤ የሦስተኛ ፓርቲ ዕጩው ሄንሪ ዋላስ የግራውን መራጭ ከፍለውባቸው ነበር። በፒው ጥናት ለአይሁዳዊነት እጅግ አስፈላጊ የሆኑት ምን ምን ናቸው ተብለው ከተጠየቁት ውስጥ 72 በመቶው በመልካም ሥነ ምግባር መኖርን፣ 59 በመቶው ለፍትሕ መሥራትን ሲጠቅሱ፣ ለእስራኤል ማሰብን የጠቀሱት 45 በመቶ ናቸው።

ልዩነቱ በሃይማኖት አጠባበቅም ይታያል። በዚሁ የ2020 ጥናት መሠረት ከአይሁዳውያኑ 9 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ኦርቶዶክሶች ሲሆኑ፣ ከነሱ ውስጥ አራት እጅ ቢባል ሦስቱ ወደ ሪፐብሊካን ያዘነብላሉ። ከጠቅላላው ማኅበረሰብ ግን 71 በመቶው ከዴሞክራቶች ጋር ነው። ትራምፕ በ2018 የአሜሪካን ኤምባሲ ወደ ኢየሩሳሌም ሲያዛውሩ ኦርቶዶክሶቹና ወንጌላውያን ክርስቲያኖች በደስታ ተቀብለውታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው ምርጫ ግን አብዛኛው አይሁዳዊ መራጭ ድምፁን ለባይደን ሰጥቷል።