ለካርፕ በቡሽ ስታጠምዱ ክሩ ስንት ይሁን?

ዓሣ ለማጥመድ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ ገብቶ «ከሁሉ ወፍራሙን ስጠኝ» ይላል። ካርፕ ጉልበተኛ ነው፣ ክር ይበጥሳል ሲባል ሰምቷላ! ይበጥሳል፣ እውነት ነው። ግን በቡሽ ለሚያጠምድ ሰው የወፍራም ክር ጣጣ የሚጀምረው ገና ዓሣው ሳይበላ ነው።

እኛ ደብረ ብርሃን ያለን ሰዎች ለካርፕ መንገድ መውጣታችን አይቀርም። ወንዛችን በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው፤ እዚያ በኩል የሚያዘው ነጭ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው እንጂ ካርፕ አይደለም። ከአንኮበር ቁልቁል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ቢሄድም የሚገናኘው ካርፕ ካለበት ከቆቃ ሐይቅ በታች ነው። ካርፕ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከውጭ መጥቶ አቃቂ ወንዝ ላይ ባለው አባ ሳሙኤል ግድብ ተለቀቀ። ዛሬ ቆቃና ዝዋይ አለ፤ በእኛ ክልል ደግሞ ወሎ፣ ሐይቅና አርዲቦ። የዐቢይ ጾም ሲደርስ የዓሣ ዋጋ ይሰቀልና «ራሴ ባጠምድስ?» የሚል ይበዛል። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሳም።)

ካርፕ አፉ ወደ ታች ያዘነበለ፣ አራት ጢም ያለው፣ ጭቃ እየቆፈረ የሚበላ ዓሣ ነው። ያገኘውን ይምጋል፤ ካልተስማማው መልሶ ይተፋል። መንጠቆው ላይ በቆሎ ወይም ሊጥ አድርጋችሁ፣ ትንሿን እርሳስ ወደ መንጠቆው ጠጋ አድርጋችሁ መሬት ላይ አሳርፏት፤ ቡሹም ጫፉ ብቻ እስኪታይ አስተካክሉት። ካርፑ በቆሎውን አንስቶ ቀና ሲል እርሳሷም አብራው ትነሳለች። ያን ጊዜ ቡሹ አይሰጥምም፤ ከፍ፣ ከፍ ይልና በጎኑ ይተኛል። መሳብ ያኔ ነው። አሁን ወፍራምና ድርቅ ያለ ክር አስቡ፤ እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ስለሚቀር ካርፑ በቆሎውን ገና ሲነካው ያስጠረጥረዋል፣ ቡሹም የሚሆነውን በትክክል አያሳይም።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ተራው ናይለን ነው፤ ማጠንጠኛው ላይ 0.25 ሚሊሜትር፣ ከመንጠቆው በላይ ያለው ሁለት ስንዝር ያህል ደግሞ 0.20። ቀጭኑ ጫፍ ላይ የሚሆነው ድንጋይ ወይም ግንድ ከያዘው እዚያው ተበጥሶ ቡሹ እንዲተርፍ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ከ0.20 ወደ 0.25 መሄድ እንኳ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ናይለን ደግሞ ይለጠጣል። ዓሣው ድንገት ሲሮጥ መለጠጡና የማጠንጠኛው ፍሬን ተጋግዘው ይይዙታል፤ ፍሬኑን አጥብቆ ለቆለፈ ሰው ግን የትኛውም ክር አይበቃውም። ካርፕ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ክር የሚጎዳው ጀርባው ላይ ያለው መጋዝ መሳይ እሾህ ነው፤ ስለዚህ ዓሣ ባወጣችሁ ቁጥር የመጨረሻውን አንድ ሜትር በጥፍራችሁ መካከል ሳቡት። ሻከር ካለ ቁረጡት።

ጉንጉን ክር ለዚህ ሥራ አልወደውም። አይለጠጥም፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ነፋስም ይጫወትበታል። ፍሎሮካርቦን በውኃ ውስጥ እምብዛም አይታይም፣ ቶሎም ይሰጥማል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። የቆቃ ውኃ ድፍርስ ስለሆነ እዚያ «የማይታይ» ክር መግዛት ብር መጣል ነው። ውኃው ጠራ ያለበት ሐይቅ ላይ ለጫፏ ብትገዙ ይገባኛል።

ዝዋይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ናይለን ከውኃ ጥቂት ቢከብድም ቅባት ከነካው ላዩ ላይ ይቀራል፤ ነፋሱ ክሩን ያጎብጠውና ቡሹን እየጎተተ ይወስደዋል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ባለበት ጨርቅ ክሩን ጥረጉት። ከወረወራችሁ በኋላም የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ሁለት ሦስቴ አጠንጥኑ፤ ይሰጥማል።

ቋጠሮ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ በደረቁ ሲጠብቅ ሰበቃው ያግለውና እዚያው ላይ ይደክማል። ፀሐይም የናይለን ጠላት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ አያታልላችሁ፣ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ክሩን መስኮት ላይ አታኑሩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅልልም በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ያለፈው ዓመት ክር ካላችሁ ቆርጣችሁ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ ናይለን ውኃ ሲጠጣ ጥቂት ይደክማልና ትክክለኛ ጉልበቱ የሚታየው ያኔ ነው። ጠዋት በእጅ ሚዛን መንጠቆ ላይ ቋጥራችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ኪሎ ግማሹን ካልደረሰ ለሸዋ ሮቢት ዘመዶቻችሁ ላኩላቸው፤ ለቲማቲም ማሰሪያ ይሆናል።